የልጆች ቢኤምአይ፦ ቁጥሩ ስለ ስብ የሚነግረንና የሚሰውርብን

በደሴም በኮምቦልቻም ልጃቸውን ክሊኒክ የወሰዱ ወላጆች አንድ ቁጥር ይዘው መመለሳቸው እየተለመደ ነው። «የልጁ ቢኤምአይ 19.5 ነው» ይባላሉ፤ ቢኤምአይ ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚገኝ ቁጥር ነው። አንዱ ወላጅ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ይፈልግና «ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ ነው» የሚል ሠንጠረዥ አግኝቶ ተመስገን ይላል። ሌላው «ከመጠን ያለፈ ክብደት» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ይመለስና የልጁን እራት መቀነስ ይጀምራል። የመጀመሪያው ያነበበው የአዋቂዎችን ሠንጠረዥ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥሩ ያላለውን ሰምቷል። ቢኤምአይ ጠቃሚ መለኪያ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በልጅ ሰውነት ውስጥ ያለውን ስብ አይለካም። እንደ ወሎ ባለ አካባቢ ደግሞ ይህን ሳይረዱ በቁጥሩ መፍረድ ልጅን ሊጎዳ ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቁመት በሜትር ይለካና በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ በኪሎግራም የተመዘነው ክብደት ለብዜቱ ይካፈላል። 36 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ36 ሳንቲሜትር የሆነ ልጅ እንውሰድ። 1.36 በ1.36 ሲባዛ 1.85 ይሆናል፤ 36 ለ1.85 ሲካፈል 19.5 ይመጣል። በዚህ ስሌት ውስጥ ስብ የሚባል ነገር የለም። ጡንቻውም፣ አጥንቱም፣ በሰውነቱ ያለው ውኃም፣ ጠዋት የበላው ገንፎም ክብደት በሚለው ስም ተጠቃለው ገብተዋል። ስሌቱን በ1830ዎቹ ያወጣው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ ፍላጎቱም «መካከለኛው ሰው» ምን እንደሚመስል በቁጥር መግለጽ ነበር። ቢኤምአይ የሚለው ስም የወጣለት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ነው፤ የተጠኑትም አዋቂ ወንዶች ነበሩ።

የአዋቂ ሰው ቁመት አንዴ ቆሟል። ልጅ ግን በየወሩ ሌላ ሰው ነው። በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ቢኤምአዩ በፍጥነት ይወጣል፤ ጉንጩም ጭኑም ይሞላል። መሮጥ ሲጀምር ይወርዳል፤ 5 እና 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ብዙ እናቶች «ልጄ ከሳብኝ» ብለው የሚጨነቁት በዚህ ዕድሜ ነው፤ ልጁ እየተጫወተና ቁመቱም እየጨመረ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሮ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ማብቂያ ድረስ እንደገና ይወጣል። ለዚህ ነው ለልጅ አንድ ወጥ ወሰን ማስቀመጥ የማይቻለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች በዕድሜና በፆታ የተለያየ ሠንጠረዥ አለው። በመካከል ያለው መስመር የመካከለኛው ልጅ ነው። ከእሱ በአንድ ደረጃ በላይ ያለው «ከመጠን ያለፈ ክብደት»፣ በሁለት ደረጃ በላይ ያለው «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» ይባላል፤ በሁለት ደረጃ በታች ያለው ቅጥነት ነው። ደረጃ ያልኩት በስታቲስቲክስ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለውን ርቀት ነው። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ወሰኑ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ሁለት ደረጃና ሦስት ደረጃ ይሆናል።

አሁን ያንኑ 19.5 ለሦስት ወንድ ልጆች እንስጠው። ልጁ የ6 ዓመት ከሆነ የውፍረት ወሰኑ 18.5 ስለሆነ አልፎታል፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ውስጥ ገብቷል። የ10 ዓመት ከሆነ 18.5 የክብደት ወሰን፣ 21.4 ደግሞ የውፍረት ወሰን ነው፤ ስለዚህ ክብደቱ ከመጠን አልፏል፣ ውፍረት ላይ ግን አልደረሰም። የ15 ዓመት ከሆነ መካከለኛው 19.8 ነው፤ ልጁ ምንም የለበትም። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ፍርዱ ሦስት ነው። ዕድሜ ሳይጠይቅ የልጅን ቢኤምአይ የሚተረጉም ባለሙያ ካጋጠማችሁ በአክብሮት «ስንት ዓመቱ ነው ብለው አስበው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ዕድሜው ራሱ እኛ ዘንድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ገጠር ውስጥ ልጁ «በጥምቀት ማግስት» ወይም «ለአረፋ ሰሞን» እንደተወለደ ይታወስ ይሆናል፣ ዓመቱ ግን ይምታታል፤ የክትባት ካርድ ያለው ወላጅ እሱን ይዞ ቢሄድ ትልቅ ነገር ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ችግር ሌላ ነው። ስልክ ላይ የሚገኙት ማስሊያዎች የሚሠሩት በፈረንጆች የቀን አቆጣጠር ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ወላጅ «2008» ብሎ ሲያስገባ ማስሊያው በልጁ ዕድሜ ላይ ሰባት ዓመት ይጨምርለታል። የ10 ዓመቱ ልጅ የ17 ዓመት ጎረምሳ ይሆናል። በ17 ዓመት መካከለኛው 21.1 ስለሆነ 19.5 ከመካከለኛው በታች ይወድቃል፤ ክብደቱ ወሰን ያለፈው ልጅ «ቀጠን ያለ» ተብሎ ይመለሳል። ልደቱንም የምርመራውን ቀንም በአንድ አቆጣጠር መያዝ ግድ ነው።

ቁመትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በራሱ ስለሚባዛ ትንሿ ስህተት ትገዝፋለች። ያው 36 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ቁመቱ በሦስት ሳንቲሜትር ቢያንስ ቢኤምአዩ 20.4 ይሆናል፤ በሦስት ሳንቲሜትር ቢረዝም 18.6 ይሆናል። ሦስት ሳንቲሜትር ማለት የጫማ ሶል ወይም ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ ነው። ደሴ ፒያሳ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው በጥቂት ብር የሚመዝኑትን ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ሚዛኑ ግን ወጣ ገባ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ልጁም ጫማና ሹራብ ለብሶ ወጥቶበት የሚነበበው ኪሎ ለእንዲህ ዓይነቱ ስሌት አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ልኬቱ በትክክል ተወስዷል፣ ዕድሜውም ታውቋል፣ ልጁም ከወሰኑ በላይ ነው እንበል። ታዲያ በእርግጥ ስብ በዝቶበታል?

ስብን በቅርበት የሚለኩ ዘዴዎች አሉ። አንዱ በጣም ዝቅተኛ በሆነ ኤክስሬይ አጥንቱን፣ ስቡንና ሌላውን የሰውነት ክፍል ለይቶ ያሳያል። ሌላው ልዩ ውኃ አጠጥቶ በሰውነት ውስጥ ያለውን የውኃ መጠን በማወቅ ስቡን ያሰላል። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚገኙ አይደሉም። ተመራማሪዎች ግን ቢኤምአይን በእነዚህ ዓይነት ዘዴዎች ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ከ4 እስከ 18 ዓመት ባሉ ከ53 ሺህ በላይ ልጆች ላይ የተሠሩ 37 ጥናቶችን ሰብስቦ መረመረ። ውጤቱ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ስብ ከበዛባቸው 100 ልጆች መካከል ቢኤምአይ የለየው 73ቱን ነው፤ 27ቱ አምልጠውታል። ስብ ካልበዛባቸው 100 ልጆች መካከል ደግሞ 93ቱን በትክክል «የለባቸውም» ሲል 7ቱን ያለ ጥፋታቸው ከሰሳቸው።

ከዚህ ብዙዎች የሚወስዱት መልእክት «ቢኤምአዩ ከፍ ካለ እመን፣ መካከለኛ ከሆነ ግን አትዘናጋ» የሚል ነው። የመልእክቱ ሁለተኛ ግማሽ ለሁሉም አገር ይሠራል፤ ከአራት አንዱ ገደማ የሚያመልጥ ከሆነ መካከለኛ ቁጥር ማረጋገጫ አይሆንም። የመጀመሪያው ግማሽ ግን ወሎ ላይ ይሰበራል። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ።

ቢኤምአይን እንደ ወንፊት አስቡት። ወንፊቱ ላይ የቀረው ነገር ምን ያህሉ እውነተኛ ገለባ እንደሆነ የሚወሰነው በወንፊቱ ጥራት ብቻ አይደለም፤ የተነፋው እህል ምን ያህል ገለባ ነበረው በሚለውም ነው። ውፍረት በተስፋፋበት አገር ከ1,000 ተማሪዎች 200ዎቹ ስብ በዝቶባቸዋል እንበል። ቢኤምአይ 146ቱን ይይዛል፤ ከቀሩት 800 ልጆች ደግሞ 56ቱን በስህተት ይጨምራል። በድምሩ ከተያዙት 202 ልጆች ከሦስት ሁለት የሚበልጡት እውነተኛ ናቸው። አሁን ደግሞ ደላንታ ወይም አምባሰል ውስጥ ያለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እንውሰድና ከ1,000 ልጆች 20ው ብቻ ስብ በዝቶባቸዋል እንበል። ያው ወንፊት 15ቱን ይይዛል። ከ980ዎቹ ግን 69ኙን በስህተት ይጨምራል። ከተያዙት 84 ልጆች እውነተኞቹ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም። 200 እና 20 ለስሌት ያህል የያዝኳቸው ግምቶች ናቸው፤ አቅጣጫው ግን ግምት አይደለም። ነገሩ ብርቅ በሆነበት ቦታ የሚጮኸው ደወል ብዙውን ጊዜ በከንቱ ነው።

ብርቅ መሆኑን ደግሞ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 1 በመቶ ሲሆኑ፣ የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው በጣም ያጠረው፣ 38 በመቶ ነበሩ። በአማራ ክልል የቀነጨሩት 46 በመቶ ደርሰው ነበር። ከተማ ውስጥ ያሉት፣ በተለይም በተሽከርካሪ ተመላልሰው በየዕረፍቱ ለስላሳና ብስኩት የሚገዙት ተማሪዎች ሁኔታ ከገጠሩ የተለየ ነው፤ እዚያ ወንፊቱ የተሻለ ይሠራል። ስለዚህ «ወሎ ውስጥ» ብለን አንድ ላይ መፍረድ አንችልም፤ ደሴ ከተማ ያለው የሆጤ ልጅና የገጠሩ የደላንታ ልጅ ተመሳሳይ ቁጥር ይዘው ቢመጡ፣ ባለሙያው ገና ሳይነካቸው የሚጠረጥረው የተለያየ ነገር መሆን አለበት።

መቀንጨር ራሱ ቢኤምአይን ያጣምመዋል። ይህ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ናት፤ በሕፃንነቷ በቂ ምግብ ስላላገኘች ቁመቷ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲሜትር ላይ ነው፤ ለዕድሜዋ ከቀነጨሩት ትመደባለች። ክብደቷ 29 ኪሎ ነው። የመካከለኛዋ የ10 ዓመት ልጅ ክብደት ወደ 32 ኪሎ ስለሆነ ይህች ልጅ ከእኩዮቿ ታንሳለች። ቢኤምአዩን ስናሰላ ግን 29 ለ1.49 ተካፍሎ 19.5 ይመጣል፤ የሴቶች ወሰን በዚያ ዕድሜ 19 ነው። ልጅቷ «ከመጠን ያለፈ ክብደት» ተባለች። እናቷ ይህን ሰምታ እንቁላሉንና ወተቱን ብትከለክላት ምን ይሆናል? ቁመት ለዕድሜ ሳይታይ ብቻውን የተነበበ ቢኤምአይ እንዲህ ያለ ግፍ ሊያሠራ ይችላል። ከምርመራ ስትመለሱ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፤ አንዱ ቢኤምአይ ለዕድሜ፣ ሌላው ቁመት ለዕድሜ።

የሰውነት አሠራርም ሌላ ጉዳይ ነው። ሠንጠረዦቹ ከየት መጡ ብለን ብንጠይቅ፣ ከ5 ዓመት በታች ያለው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ካደጉ ሕፃናት ነው። በ2007 የወጣው የትልልቆቹ ሠንጠረዥ በዋናነት የቆየ የአሜሪካ መረጃን መሠረት ያደረገ ነው። የእኛ ልጆች በሁለቱም ውስጥ የሉም። ይህ ብቻውን ሠንጠረዡን አይጥለውም፤ በደንብ የተመገቡ ታዳጊ ሕፃናት በየአገሩ በጣም ተቀራራቢ ቁመት እንደሚያድጉ ታይቷል። ስብን በተመለከተ ግን ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ በአዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ዕድሜያቸው፣ ፆታቸውና የሰውነት ስብ መቶኛቸው እኩል ሆኖ ሳለ የኢትዮጵያውያን ቢኤምአይ ከአውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች በ4.6 አንሶ አግኝቷል። ይህን ቁጥር ወስዶ ልጆች ላይ መለጠፍ አይገባም፤ የሚያስተምረን ግን ቀጭን የሚመስል ቁጥር ከጀርባው ስብ ሊኖረው እንደሚችል ነው።

የሰኞውን የባቲ ገበያ የተመለከተ ሰው ደጋውና ቆላው የሚገናኙበትን ስፍራ ያውቃል፤ የሰዉ ቁመናም ይለያያል። በኢትዮጵያ አርብቶ አደርና አርሶ አደር ሕፃናት ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ያነሳው ይህንን ነው። እግራቸው ረዘም፣ ወገባቸው ከፍ ያለ ልጆች ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ይመስላል፤ የክንድ ዙሪያቸው ሲለካ ግን ያን ያህል የተጎዱ አይደሉም። ስለዚህ የክብደትና የቁመት ንጽጽር ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይሳሳታል።

ጉርምስና ላይ አልቆይም፤ አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ሴት ልጅ ስትጎረምስ ስብ መጨመሯ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ወንዱ በአብዛኛው የሚጨምረው ጡንቻና አጥንት ነው። ቀድሞ የጎረመሰ ልጅ ከእኩዮቹ ከፍ ያለ ቢኤምአይ ቢኖረው አይገርምም። ጠዋትና ማታ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ልጅም እንደዚሁ።

የወሎ ሰው የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ አልረሳም። ቤተሰቡን ያጣ ሽማግሌ የልጅ ልጁ ጉንጭ ሲሞላ ሲያይ ቢደሰት ማን ይፈርድበታል? አያቲቱ ድቡልቡሉን ልጅ አቅፋ «ማሻ አላህ! ልጄ፣ ደህና አድርገሽ አሳድገሽዋል» ስትል ጎረቤቷ «ከዓይን ያውጣው» ትላለች፤ ልጅ መወፈሩ በሽታ ሊሆን ይችላል የሚለው ነገር ለሁለቱም እንግዳ ነው። የጤና ባለሙያው ይህን አክብሮ መጀመር አለበት። «እማማ፣ ልጁን በደንብ መግባችሁታል፤ አሁን የምናየው ሰውነቱ የሚጨምረው ቁመት ነው ወይስ ሆዱ ላይ የሚከማች ስብ» ብሎ የሚያስረዳ ሰው ይሰማል። ልጁ ፊት «ወፍሯል» ብሎ የሚጮህ ሰው ግን ቤተሰቡንም ልጁንም ያጣል፤ ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛን ይሸሻል።

ሆድ ላይ የተከማቸውን ስብ ለመገመት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ የሚያስፈልገው ክር ነው። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ ተረከዙንና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ይቁም። ክሩን ከወለሉ እስከ ራሱ አናት ዘርጉና ቁረጡት። ከዚያ እኩል ለሁለት እጠፉት። የታጠፈውን ክር በባዶ ቆዳ ላይ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌው አጥንት ጫፍ መካከል፣ ልጁ ትንፋሹን ካወጣ በኋላ ሳትጎትቱ አዙሩት። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ የወገቡ ዙሪያ ከቁመቱ ግማሽ አይበልጥም። ካልደረሰ ግን ሆዱ አካባቢ የበዛ ስብ ሊኖር ይችላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም የሆነው ናይስ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይህን የግማሽ ወሰን ከ5 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ከቢኤምአይ ጋር እንዲታይ ይመክራል። ለእኛ አገር አንድ ማሳሰቢያ መጨመር አለበት፤ የሆድ ትላትል ያለበትም ሆነ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሆዱ ሊነፋ ይችላል። ክንዱና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ብቻ የተነፋ ልጅ የሚያስፈልገው ምርመራ ሌላ ነው።

ቢኤምአዩም ከፍ ያለ፣ ክሩም ያልደረሰለት ልጅ ምን ይደረግለት? መጀመሪያ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያው ሚዛን እንደገና ይለካ፤ አንድ ነጥብ ከሚነግረን የሁለት ነጥቦች አቅጣጫ የበለጠ ይነግረናል። የደም ግፊቱ ይታይ፤ በቤተሰቡ የስኳር ሕመም እንዳለ ይጠየቅ። ልጅ በማደግ ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ኪሎ መቀነስ አይጠበቅበትም፤ ኪሎው ባለበት ቆይቶ ቁመቱ ሲጨምር ቢኤምአዩ ራሱ ይወርዳል። ስለዚህ እራት አይከለከልም። የሚቀነሰው ለስላሳው ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል። የሚጨመረው የእግር መንገድና ጨዋታ ነው። ለውጡም የቤቱ ሁሉ ይሁን፤ አንዱን ልጅ ነጥሎ ሌሎቹን ፊቱ ለስላሳ ማጠጣት ጭካኔ ነው።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስወስዱ ምልክቶች አሉ። ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ የአንገቱ ኋላና የብብቱ ቆዳ የጠቆረና የሻከረ፣ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣና ሽንት የሚያበዛ፣ ወይም እየወፈረ ቁመቱ መጨመሩን ያቆመ ልጅ ሁለተኛ ልኬት አይጠብቅም።

አንድ ሁኔታ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ልጁ ፊቱና እግሩ ሞላ ብሎ ክብደቱ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ የሞላው ግን ውኃ ሊሆን ይችላል። የሁለቱንም እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። በሁለቱም ላይ ጉድጓዱ ካልተመለሰ ያ እብጠት ነው፤ የከፋ የምግብ እጥረት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቢኤምአዩ ምንም ይሁን ምን ልጁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።